አንገቱን የደፋው ፈረስ፦ ስለ ፍራንሲስ አስበሪ ሐውልት የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ሐውልት ነው። ብዙዎቻችሁ በአጠገቡ አልፋችኋል። 16ኛው መንገድ ከዋይት ሀውስ ፊት ለፊት ተነስቶ ሽቅብ ወደ ሰሜን ይወጣና ሲልቨር ስፕሪንግ ይደርሳል። መሀል ላይ፣ የማውንት ፕሌዛንት መንገድ በሚገጥመው ቦታ፣ ትንሽ መናፈሻ አለች። እዚያ በነሐስ ፈረስ ላይ የተቀመጠ፣ ባርኔጣ ያጠለቀ፣ ካባ የደረበ ሰው አለ። በእጁ መጽሐፍ ቅዱስ ይዟል። ፍራንሲስ አስበሪ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ በፈረስ እየዞሩ ከሰበኩት ከመጀመሪያዎቹ የሜቶዲስት ሰባኪዎች አንዱ ነው። ሜቶዲስት ማለት ከፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናት አንዷ ናት።

እኔ በዚያ መንገድ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነድቻለሁ። መብራት ሲይዘኝ ዓይኔ እዚያ ላይ ያርፍ ነበር። ሰውየውን ሳይሆን መጀመሪያ ያየሁት ፈረሱን ነው። ዋሽንግተን የፈረስ ሐውልት ሞልቷል። ጄኔራሎቹ በሙሉ ፈረሳቸው አንገቱን ቀጥ አድርጎ ወይም እግሩን አንስቶ ነው የሚታየው። የእኛም የምኒልክ ፈረስ አራዳ ላይ የፊት እግሮቹን ወደ ሰማይ አንስቷል። ይሄኛው ፈረስ ግን አንገቱን ደፍቷል። ጭንቅላቱን ወደ ፊት እግሩ አውርዶ፣ ያሳከከው ነገር እንዳለ ሁሉ ጎንበስ ብሏል። አባቴ በቅሎ ነበረው። ቀኑን ሙሉ የተጓዘ ከብት ጌታው ልጓሙን ሲያላላለት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሐውልቱን የሠራው ኦገስተስ ሉክማን የሚባል ቀራጺ ነው። ሌላውን ሁሉ ትቼ፣ ለዚያ ፈረስ ብቻ እጁን ብስመው ደስ ይለኛል። ድካምን በነሐስ ሠርቷል።

አንድ ቀን መኪናዬን አቁሜ ወረድኩና ጽሑፉን አነበብኩ። ከ1771 እስከ 1816 በከተማ፣ በመንደርና በሰፈራ ሳያቋርጥ መጓዙ በአሜሪካ ሪፐብሊክ የአገር ፍቅርን፣ ትምህርትን፣ ግብረ ገብነትንና ሃይማኖትን እጅግ እንዳስፋፋ ይናገራል። ዞሬ ከጀርባው ያለውን አየሁ። «የረጅሙ መንገድ ነቢይ» ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ሰው አልለቀቀኝም። ቤተ መጻሕፍት ገባሁ፣ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ዛሬ የምነግራችሁ ያንን ነው። ቀኖቹንም ዓመቶቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

አስበሪ በ1745 እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም አጠገብ ተወለደ። ድሃ ቤት ነው። ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ገብቶ ሥራ ተማረ። እህቱ በልጅነቷ ስለሞተች ለእናቱ የቀረላት ልጅ እሱ ብቻ ነበር። በ1771 የሜቶዲስቶች መሪ ጆን ዌስሊ ብሪስቶል ላይ ሰባኪዎቹን ሰብስቦ፣ «አሜሪካ የሚሄድ ማነው?» ብሎ ጠየቀ። እጃቸውን ካወጡት አንዱ አስበሪ ነበር። 26 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር።

መርከብ ላይ ሆኖ በማስታወሻ ደብተሩ ራሱን ይጠይቃል። ወዴት ነው የምሄደው? ወደ አዲሱ ዓለም። ምን ልሠራ? ክብር ፍለጋ? ልቤን የማውቀው ከሆነ አይደለም። ገንዘብ ፍለጋ? አይደለም። ለእግዚአብሔር ልኖርና ሌሎችም እንዲሁ እንዲያደርጉ ልረዳ ነው የምሄደው።

ይህንን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ። ከመካከላችን ይህን ጥያቄ አውሮፕላን ውስጥ ያልጠየቀ ማን አለ? ወዴት ነው የምሄደው፣ ምን ልሠራ?

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ፊላደልፊያ ደረሰ። ከዚያ በኋላ እንግሊዝን አላየም። እናቱንም አላየም። አባቱ በ1798፣ እናቱ በ1802 ሲሞቱ እሱ ባሕር ማዶ ነበር። ሆኖም ከሚያገኛት ላይ ይልክላቸው ነበር። በአንድ ደብዳቤው፣ እናንተ ከምትቸገሩ ብዬ ሰዓቴንና መጻሕፍቴን ሸጫለሁ፣ ሸሚዜንም እሸጣለሁ ብሎ ጽፎላቸዋል። የሚያገኛት ደግሞ ምን ያህል ነበረች? በ1784 የአንድ ዘዋሪ ሰባኪ የዓመት ደመወዝ 64 ዶላር ነበር። እሱም ኤጲስ ቆጶስ ከሆነ በኋላ የሚወስደው ሰባኪዎቹ የሚወስዱትን ያህል ነው። ወር ጠብቀን ወደ አገር ቤት ብር የምንልክ ሰዎች ይህንን ማስረዳት የሚያስፈልገን አይመስለኝም።

አሁን ስለ ሥራው ላውራ። ዘዋሪ ሰባኪ ማለት ምን ማለት ነው? በዚያ ዘመን የሌሎቹ ቤተ ክርስቲያናት ካህናት አብዛኞቹ በአንድ ደብር ተቀምጠው የሚመጣውን ሕዝብ ያገለግሉ ነበር። ሕዝቡ ግን እየራቀ ነበር። ጫካ መንጥሮ፣ የግንድ ጎጆ ቀልሶ፣ ከጎረቤቱ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ የሚኖር ሰው ወደ ካህኑ አይመጣም። ሜቶዲስቶቹ ነገሩን ገለበጡት። ካህኑ ይሂድ አሉ። ለአንድ ሰባኪ አንድ ዙር ይሰጠዋል። ዙሩ ውስጥ 20፣ 30 ቦታ ሊኖር ይችላል። የአንዱ ሳሎን፣ የአንዱ ጎተራ፣ የዛፍ ጥላ፣ ሁሉም ያገለግላል። አንዱን ዙር ለመጨረስ አራት ሳምንት ወይም ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በየቀኑ ማለት ይቻላል ይሰብካል። በኮርቻው ከረጢት መጽሐፍ ቅዱስ፣ የመዝሙር መጽሐፍና ቅያሪ ሸሚዝ ይዟል። እሱ በሌለበት ጊዜ ምእመናኑ በየሳምንቱ ደርዘን ያህል ሆነው፣ ከራሳቸው መካከል በተመረጠ ሰው እየተመሩ ይሰበሰባሉ። ዓመት ሳይሞላ ወይም ዓመት ሲሞላው ሰባኪው ተነስቶ ሌላ ዙር ይመደባል።

ዝናብና በረዶ የማያግዳቸው ስለነበሩ ሕዝቡ አባባል አወጣላቸው። የአየሩ ነገር ሲከፋ፣ «ዛሬ ውጭ ያለ ቁራና የሜቶዲስት ሰባኪ ብቻ ነው» ይባል ነበር። ይህ ግን በዋዛ የሚታለፍ ኑሮ አይደለም። እርጥብ ልብስ፣ ወንዝ ማቋረጥ፣ ወባ፣ የሳንባ ሕመም። ብዙዎቹ ወጣቶች ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው ነው የተቀበሩት። ትዳርም ለዚህ ሥራ አይመችም። አስበሪ ራሱ ሳያገባ ነው የሞተው።

እሱ በ45 ዓመት ውስጥ የተጓዘው 270,000 ማይል ይገመታል። ወደ 430,000 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ምድርን በወገቧ ከ10 ጊዜ በላይ እንደ መዞር ማለት ነው፣ ያውም አብዛኛውን በኮርቻ ላይ። በምሥራቅ አሜሪካ ያሉትን የአሌጌኒ ተራሮች ወደ 60 ጊዜ ተሻግሯል። 16,000 ያህል ስብከት ሰብኳል። ቤት አልነበረውም። «ቢሾፕ አስበሪ፣ አሜሪካ» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ደብዳቤ ይደርሰው ነበር ይባላል። ሲመጣ ቅኝ ግዛቶቹ ውስጥ የነበሩት ሜቶዲስቶች በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። ሲሞት ከ200,000 በላይ ሆነዋል።

በመሀል ጦርነት መጣ። አሜሪካኖቹ በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ ሲነሱ ዌስሊ ንጉሡን ደግፎ ጻፈ። ያን ጊዜ አሜሪካ ያለ ሜቶዲስት ሁሉ እንደ ሰላይ ይታይ ጀመር። ከእንግሊዝ የተላኩት ሌሎቹ ሰባኪዎች አንድ በአንድ ሥራውን ተዉ፣ አብዛኞቹም ተመለሱ። አስበሪ ቀረ። ሜሪላንድ ያዘዘችውን የታማኝነት መሐላ ሕሊናዬ አይፈቅድም ብሎ ወደ ዴላዌር ሸሸ። ቶማስ ዋይት በሚባል ዳኛ ቤት ተጠለለ። በ45 ዓመት ውስጥ አንድ ቦታ ረግቶ የቆየው ያን ጊዜ ነው ቢባል ያስኬዳል።

ጦርነቱ አለቀ። ዴላዌር ውስጥ፣ ፍሬደሪካ በምትባል ከተማ አጠገብ ባራት የሚባል የጡብ ጸሎት ቤት አለ። በ1780 ነው የተሠራው፣ ዛሬም ቆሟል። ኅዳር 14 ቀን 1784 ከእንግሊዝ የመጣው ቶማስ ኮክ እዚያ ሲሰብክ አስበሪ ገባ። ሁለቱ ተቃቅፈው ተሳሳሙ። የተቃቀፉበት ቦታ ወለሉ ላይ በኮከብ ምልክት ተደርጎበታል። ኮክ የዌስሊን መልእክት ይዞ ነበር፤ አንተና ኮክ የአሜሪካ ሜቶዲስቶች የበላይ ጠባቂ ሁኑ የሚል። አስበሪ እምቢ አለ። ሰባኪዎቹ ካልመረጡኝ አልቀበልም አለ። በገና ሰሞን ባልቲሞር ላይ ተሰበሰቡና መረጡት። ከዚያ በሦስት ተከታታይ ቀናት ዲያቆን፣ ቄስ፣ የበላይ ጠባቂ ሆነ። በእኛ ቤት ላደገ ሰው ይህ ፍጥነት ጆሮ ያስይዛል። ቆየት ብሎ «ኤጲስ ቆጶስ» መባል ጀመረ። ዌስሊ ይህን ስም ሲሰማ በጣም ነው ያዘነው።

እስካሁን የነገርኳችሁ ሐውልቱ ላይ ያለውን ሰው ነው። አሁን ሐውልቱ ላይ ስለሌለው ልንገራችሁ። ዛሬ ማታ ወደዚህ ያመጣኝም እሱ ነው።

ስሙ ሃሪ ሆዚየር ነው። ጥቁር ነው። በ1750 አካባቢ ባርነት ውስጥ እንደተወለደ ይነገራል። ማንበብና መጻፍ አይችልም። ከአስበሪ ጋር በየመንገዱ ይጓዝ ነበር፤ ፈረስ ይይዛል፣ ያገለግላል። ግን ደግሞ ይሰብካል። የሚነበበውን ምዕራፍ አንድ ጊዜ ከሰማ አይጠፋበትም።

ግንቦት 13 ቀን 1781 ሁለቱ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነበሩ። ዛሬ እናንተ ቤት የገዛችሁበት፣ ልጆቻችሁን ትምህርት ቤት የምታደርሱበት ፌርፋክስ ነው። አስበሪ ጸሎት ቤቱ ውስጥ ሰበከ። ከዚያ ሃሪ ተነሳ። ፍሬ ስላላፈራችው በለስ ተናገረ። ሉቃስ ምዕራፍ 13 ላይ ያለው ነው። ጌታው ቁረጣት ይላል፣ አትክልተኛው ዘንድሮን ደግሞ ተዋት፣ ዙሪያዋን ልኮትኩትላት ይላል። አስበሪ ማታ ደብተሩ ላይ በጥቂት ቃላት አሰፈረው፤ ነገሩ አዲስ ነበር፣ ነጮቹም በአትኩሮት ተመለከቱ ይላል። አሜሪካ ውስጥ አንድ ጥቁር የሜቶዲስት ሰባኪ እንደሰበከ በጽሑፍ የተመዘገበው ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ዕለት ነው።

እስቲ አስቡት። ባርነት ሕግ በሆነበት አገር፣ ወንበር ላይ የተቀመጡት ጌቶች ናቸው። ቆሞ የሚናገረው ጥቁር ሰው ነው። የሚናገረውም ፍሬ ካላፈራችሁ ትቆረጣላችሁ የሚል ነው።

ሌላም ይተረካል። ዊልሚንግተን ውስጥ ነው። ጸሎት ቤቱ ሞልቶ ሰው በመስኮት ውጭ ቆሞ ያዳምጣል። ተናጋሪውን አያዩትም፣ ድምፁን ብቻ ነው የሚሰሙት። ሲያበቃ፣ ሜቶዲስት ሁሉ እንደ ኤጲስ ቆጶሱ የሚሰብክ ከሆነ እኛም መጥተን እንሰማለን አሉ። የሰማችሁት ኤጲስ ቆጶሱን አይደለም፣ አገልጋዩን ነው ተባሉ። አገልጋዩ እንዲህ ከሆነማ ጌታው ምን ሊሆን ነው ብለው ተገረሙ።

ኮክ አሜሪካ እንደገባ አስበሪ ከ800 እስከ 1,000 ማይል የሚሆን የጉዞ መስመር አወጣለትና ሃሪን አብሮት እንዲሄድ አደረገ። ኮክ ይህን ሲጽፍ፣ «ሃሪ የሚባለውን ጥቁሩን ሰጠኝ» ይላል። «ሰጠኝ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ግን ያው ኮክ፣ ይህ ሰው ከዓለም ምርጥ ሰባኪዎች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ማንበብ ባይችልም ስብከቱ አስደናቂ ኃይል አለው፣ እንደ እሱ ትሑት ሰውም አላየሁም ሲል ጻፈ። የነጻነት ሰነዱን ከፈረሙት አንዱ ሐኪሙ ቤንጃሚን ረሽም፣ አለመማሩን ከግምት ካስገባን በአሜሪካ ታላቁ ተናጋሪ እሱ ነው ማለቱ ይነገራል።

የገናው ጉባኤ ላይ ሃሪ ነበር። ድምፅ ግን አልነበረውም። ክህነትም አልተሰጠውም። አስበሪ በሦስት ቀን ሦስት ማዕረግ ሲቀበል ሃሪ ዕድሜውን ሙሉ አንዱንም አላገኘም። በ1806 ፊላደልፊያ ውስጥ ሞተ።

እኔ አስበሪን እወደዋለሁ። ስለምወደው ነው ይህንን የማልሸሽገው። ባርነትን ይጠላ ነበር፣ በደብተሩ ደጋግሞ ጽፎታል። የ1784ቱ ጉባኤ አባላት ባሪያዎቻቸውን ነጻ እንዲያወጡ ደንብ አወጣ። በ1785 ግንቦት እሱና ኮክ ማውንት ቨርነን፣ ጆርጅ ዋሽንግተን ቤት ድረስ ሄደው ዋሽንግተንን የፀረ ባርነት አቤቱታ ፈርምልን ብለውታል። ዋሽንግተን ሐሳባችሁን እጋራለሁ አለ፣ ግን አልፈረመም። ደንቡም ስድስት ወር ሳይሞላው ታገደ። ደቡቦቹ ተቆጥተው ነበር፣ መንገዱ ይዘጋል ተብሎ ተሰጋ። አስበሪ መንገዱን መረጠ።

ምን ማለት እንደሆነ ሪቻርድ አለን ይነግረናል። አለን ራሱን በገንዘቡ ከባርነት የዋጀ ሰባኪ ነው። አስበሪ አብረኸኝ ተጓዝ አለው። ሁኔታውን ግን ነገረው፤ ወደ ካሮላይና ስንወርድ ከባሪያዎቹ ጋር አትቀላቀልም፣ ብዙ ጊዜም ሠረገላዬ ውስጥ ታድራለህ፤ ምግብህንና ልብስህን እኔ እችላለሁ። አለን ጠየቀ፤ ብታመምስ ማን ይጦረኛል? አስበሪ እኔም የማገኘው ምግብና ልብስ ብቻ ነው ብሎ መለሰ። እውነቱን ነው። ግን አስበሪ ቢታመም በደረሰበት ቤት አልጋ ይነጠፍለታል። አለን በዚህ ሁኔታ አልሄድም አለ። ሳነበው ደስ አለኝ።

አለን ፊላደልፊያ ቀረና ቤቴል የተባለውን ጸሎት ቤት አቋቋመ። በ1794 መጥቶ የባረከው አስበሪ ነው። በ1799 ዲያቆን አድርጎ የሾመውም እሱ ነው። ሰዎች እንዲህ ናቸው፣ አንዱን ገጽ ብቻ አታንብቡ።

አስበሪ መጋቢት 24 ቀን 1816 ሪችመንድ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ ሰበከ። መቆም ስላልቻለ ተሸክመው አስገቡት፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት፣ ሮሜ 9፥28ን አንስቶ ተቀምጦ ሰበከ። ከዚያም ጉዞውን ቀጠለ! በሳምንቱ፣ መጋቢት 31፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በሰው ቤት ሞተ። ዛሬ መቃብሩ ባልቲሞር ነው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ በሚያዝያ 1816፣ ጥቁር ሜቶዲስቶች ፊላደልፊያ ተሰብስበው የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስ ቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያንን መሠረቱ። ሪቻርድ አለን የመጀመሪያው ኤጲስ ቆጶስ ሆነ። ታሪኩ እዚያ አያቆምም። በ1892 ደቡብ አፍሪካ፣ ፕሪቶሪያ ውስጥ ማንጌና ሞኮኔ የሚባል የሜቶዲስት አገልጋይ የነጮቹ አድልዎ ሲመረው ወጣና የራሱን ቤተ ክርስቲያን አቋቋመ። ስሟን ምን አላት? «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን»። ከመዝሙር 68፥31 የወሰደው ነው፤ ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች። በ1896 ከአለን ቤተ ክርስቲያን ጋር ተቀላቀለች። እኔ ይህንን ሳውቅ መኪና ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፣ ጮክ ብዬ «አይ አምላኬ!» አልኩ። በየመብራቱ የማየው ፈረሰኛ በስተመጨረሻ የአገሬ ስም ካለበት ደረሰ።

ሐውልቱ የተመረቀው ጥቅምት 15 ቀን 1924 ነው። ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ መጥቶ ንግግር አደረገ። ከአገሪቱ ገንቢዎች እንደ አንዱ ሊቆጠር ይገባዋል አለ። ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ድልድይ የሠራ፣ ጦር የመራ ሰው ሐውልት ይቆምለታል። ይህ ሰው በየጎጆው ደጃፍ ከፈረስ ወርዶ፣ ደህና አደራችሁ ብሎ፣ ያደሩትን ሰዎች በስማቸው ጠርቶ ነው አገር የሠራው። የመቆሚያው ድንጋይ ግን የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው የያዘው።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት፣ አየሩ ከፈቀደ፣ እዚያው እሄዳለሁ። መምጣት የምትፈልጉ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ። መጀመሪያ ከኋላ ዞረን «የረጅሙ መንገድ ነቢይ» የሚለውን እናነብላቸዋለን። ቀጥሎ ወደ ፊት መጥተን ፈረሱን እናሳያቸዋለን፣ አንገቱን እንዴት እንደደፋ። ከፈረሱ ጎን፣ ሣሩ ላይ፣ አንድ ፈረሰኛ የሚያስቆም ባዶ ቦታ አለ። እኔ ሁልጊዜ እዚያ ጋ ነው የምቆመው።